መቶ ሃያ ቃላት፣ በየማክሰኞው

ፓዶቫ፣ 1997

ጃንዋሪ 14፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሲኞር ኤጊዲዮ ኡዲኔን ገደሏት። የከተማዋን ስም ሲያነቡ የድምፁ ምት «ኡ» ላይ መውደቅ ሲገባው «ዲ» ላይ ጣሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በፓዶቫ ባቡር ጣቢያ ድምፅ ማጉያ «የኡዲኔ ባቡር በሦስተኛው መስመር ይገባል» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር አያቴ ዘንድ ስንሄድ የምሰማው ድምፅ የእሳቸው እንደነበር ያወቅሁት ባለፈው ኖቬምበር ነው፣ ለምርመራ ወደ ቤተ ሙከራችን ሲመጡ።

ኦክቶበር ላይ ከብስክሌት ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመቱ። ንግግራቸው ደኅና ነው፤ ቀልዳቸው እንዲያውም ብሶባቸዋል። የተጎዳው ንባባቸው ነው። ፊደሎቹን ያውቋቸዋል። ነገር ግን በእኛ ጽሑፍ ምቱ የት እንደሚወድቅ ፊደሉ አይናገርም፤ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። እሳቸው ደግሞ ብዙውን ቃል ዛሬ ገና እንደተዋወቁት ሆነው ነው የሚያነቡት።

ፊቴን አይተው «ዶክተርዬ፣ ኡዲኔ ዛሬ ዘገየች እንዴ?» አሉኝ።

«በሰዓቷ ደርሳለች። መስመር ነው የሳተችው።»

ሳቁ። ከመቶ ሃያ ቃላት ሰባ ስምንት ልክ።

ጃንዋሪ 16

ኮምፒውተሩ እየሠራ ነው፤ እስኪጨርስ ሦስት ሰዓት አለኝ።

ፕሮፌሰር ፋቫሮን፣ አለቃዬ፣ ሥራችንን ለእንግዳ ሲያስረዱ እንዲህ ይላሉ፦ ሰው ሲያነብ ሁለት መንገድ አለው። በአንዱ ፊደል በፊደል ድምፅ እየለቀመ ይሄዳል። በሌላው ቃሉን እንደ ጎረቤት ፊት ባንድ እይታ ያውቀዋል። ሲኞር ኤጊዲዮ የፈረሰባቸው ሁለተኛው መንገድ ነው። የእኔ ሥራ ሁለቱም መንገድ ያለው አንባቢ በኮምፒውተር ውስጥ መሥራት፣ ሦስት ሺህ ቃል ማስተማር፣ ከዚያ ማቁሰል ነው። ሁለተኛው መንገድ ከተሠራባቸው የማያያዣ ክሮች ሃያ በመቶውን እቆርጥና አስነብበዋለሁ። ልክ እንደ እሳቸው ከተሳሳተ፣ እሳቸው ውስጥ የደረሰው ነገር ገብቶናል ማለት ነው።

እስካሁን ማሽኑና እሳቸው እንደ ወንድማማች ናቸው። ሰው በየቀኑ የሚያየውን ቃል ሁለቱም አይስቱም፤ ጠረጴዛ፣ ቅዳሜ። ብርቅ የሆነውን ሁለቱም ይስታሉ።

ኤፕሪል ላይ ትሪየስቴ ጉባኤ አለ። እዚያ ካላቀረብኩ የምርምር ድጎማዬ ሜይ ላይ ያበቃል። ይህን ደግሜ አልጽፍም።

ጃንዋሪ 21፣ ማክሰኞ

ዘጠና ሰባት። በአንድ ሳምንት አሥራ ዘጠኝ ቃል ጨመሩ። ኡዲኔን አስተካከሏት፤ ራሳቸውም ሰምተዋት ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ።

ውጤቱን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ለፕሮፌሰር ፋቫሮን አሳየኋቸው። «የሚድን በሽተኛ ለራሱ መልካም ነው፤ ለአንቺ ግን አይሆንም» አሉ። «በዚህ ከቀጠለ ለትሪየስቴ የምታቀርቢው ነገር የለም። ድጎማሽንም እኔ ማስቀጠል አልችልም። ሌላ ሰው እንዳንፈልግ ደግሞ ጊዜው አልፏል።» ክፉ ሰው አይደሉም። እውነታቸውን ነው።

ስመለስ ሲኞር ኤጊዲዮ ካፖርታቸውን ለብሰው በሩ አጠገብ ቆመዋል። በሩ ክፍት ነበር። ዓይኔን አዩትና «ምነው?» አሉኝ። ጉንፋን ነው አልኳቸው። ጉንፋን ነው።

ድጎማዬ ሜይ ላይ ያበቃል።

ጃንዋሪ 28፣ ማክሰኞ

ስልሳ ስምንት። ከመጀመሪያውም ባሰባቸው።

ደስ አለኝ። ይኸው ጻፍኩት። የአንድ ሽማግሌ ንባብ ሲበላሽ ደስ የሚለው ምን ዓይነት ሰው ነው? ለሐኪማቸው ደወልኩ፤ ሐሙስ የተነሡት የአንጎል ምስል ንጹሕ ነው፣ አዲስ ነገር የለም አሉኝ።

ሲሄዱ በጋዜጣ የተጠቀለሉ አራት የፒር ፍሬዎች ሰጡኝ። «ኮምፒውተርሽ ቀን ከሌት ይበላል። አንቺ ግን ከስተሻል» አሉኝ።

ፌብሯሪ 4፣ ማክሰኞ

ሰባ ሁለት። ጠረጴዛን ሳቱ! ታቮሎን፣ ጠረጴዛን ያህል ቃል፣ የሚስት ሰው አይቼ አላውቅም። ወዲያው ቀጥለው የአንዲት የባሕር ዳር ወፍ ስም መጣ፣ ሰው በዓመት አንዴ የማያየው ቃል፤ እሱን እንደ ውኃ ጠጡት።

ማሽኑ እሳቸውን መምሰል እምቢ አለ። ሃያ በመቶ ቆረጥኩ፣ አርባ ቆረጥኩ፣ ስልሳ ቆረጥኩ። ሁልጊዜ ብርቁን ነው የሚጥለው፤ ጠረጴዛን እስከ መጨረሻው ሙጭጭ አድርጎ ይዟል።

ፌብሯሪ 6

ፕሮፌሰሩን ጠየቅኋቸው። «በሽተኛ አይሳሳትም፤ ሲሳሳትም ልክ ነው» አሉኝ። «የሚስተካከለው ማሽኑ ነው። አስተካክዪው።»

እሺ።

ፌብሯሪ 11፣ ማክሰኞ፣ የካርኒቫል መጨረሻ፣ የጾም ዋዜማ

ሰባ አራት። ዛሬ እህታቸው ወይዘሮ አሜሊያ አብረዋቸው መጡ። ሁለቱም ያላገቡ ናቸው፤ ከጣቢያው ጀርባ አርቼላ ሰፈር አብረው ይኖራሉ። ዘቢብ ያለበት፣ በዘይት የተጠበሰ የካርኒቫል ጣፋጭ በሳህን ይዘው ነበር፤ የቁልፍ ሰሌዳዬ ሁሉ ስኳር ሆነ።

«ሲኞር ኤጊዲዮ ቤት ውስጥ ለማንበብ ይሞክራሉ?» አልኳቸው።

«እሱ?» አሉ አሜሊያ። «ጠዋት ጠዋት የሟቾችን ዝርዝር ከጋዜጣው ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብሎ እያነበበ ጆሮዬን ያደነቁረዋል።»

ሲኞር ኤጊዲዮ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። «አንቺ ደግሞ። ዶክተሯ ሥራ ላይ ናት።»

አሜሊያ ስለ ወንድማቸው ሲያወሩ ያጋንናሉ። እንደ እናት የሆኑ እህቶች እንደዚህ ናቸው።

ሊወጡ ሲሉ ሲኞር ኤጊዲዮ ጠየቁኝ፤ «ሁሉንም በትክክል ያነበብኩ ቀን ምን ይሆናል?»

«ፋይልዎ ይዘጋል። ከማክሰኞም ከእኔም ይገላገላሉ።»

«እገላገላለሁ» አሉ። ባርኔጣቸውን ሲፈልጉ ቆዩ፤ ጭንቅላታቸው ላይ ነበር።

ፌብሯሪ 16፣ እሑድ

ዛሬ የአባቴ ልደት ነው። የሚኖርበት ሮቪጎ በባቡር ግማሽ ሰዓት ነው። አልሄድኩም። አልደወልኩምም። አዲሲቱ ሚስቱ ስልኩን ስታነሳ ምን እንደምላት አላውቅም። ደግሞም ሥራ አለብኝ።

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ማሽኑን ሳፈርስ ዋልኩ። ጠረጴዛን እንዲስት አደረግሁት፤ ነገር ግን ጠረጴዛን መሳት ሲማር ሌላውንም ሁሉ ሳተ። መሳቱን ሳተ እንጂ ሲኞር ኤጊዲዮን አልመሰለም። እሳቸው ሲሳሳቱ እንኳ ሥርዓት አላቸው። ምን እንደሆነ ግን መናገር አልችልም።

ባለፈው ማክሰኞ የነገሩኝን ልጻፍ፣ እንዳይጠፋብኝ። ጣቢያው በገቡ በሁለተኛው ሳምንት የሌቪኮ ከተማን ስም አበላሽተው ጠሩት። አንዲት ሴትዮ ሻንጣዋን መድረኩ ላይ ጥላ ደረጃውን ወጥታ የማይክሮፎኑን ክፍል በር ከፈተችና «የአገሬን ስም እንደገና ጥራው» አለቻቸው። ጠሩት። «አሁን ልሂድ» ብላ ወረደች። ከዚያ ወዲህ የማያውቁት የከተማ ስም ሲገጥማቸው መድረኩ ላይ ወርደው የዚያን አገር ሰው ይፈልጉ ነበር። «ሰውን በአገሩ ስም ማስቀየም ምን ይሉታል?» አሉኝ። «ባቡር ቢዘገይ ይቅር ይልሻል። ይህን ግን ይዞት ይሄዳል።»

እኚህ ሰው ናቸው ኡዲኔን ያጡት። እኔ ደግሞ እንዳይድኑ እየተመኘሁ ነው። እየተመኘሁ አይደለም። እየቆጠርኩ ነው።

ፌብሯሪ 25፣ ማክሰኞ

ሰባ ስድስት። ባለፈው ሰባ አምስት። ማሽኑ አሁንም እምቢ። ጉባኤው አርእስቴን ተቀብሎ ፕሮግራሙ ላይ አትሞታል። ስሜ ተሳስቷል፤ ማርዚያ ሳይሆን ማሪዛ። ምሳ አልበላሁም። ሲኞር ኤጊዲዮ ከኪሳቸው ብስኩት አውጥተው ወረቀቴ ላይ አስቀመጡ።

«ስሳሳት ዓይንሽ ይበራል» አሉኝ ዛሬ። እንደ ቀልድ ነው።

ማርች 6፣ ሐሙስ

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

የቃላቱን ቅደም ተከተል በየሳምንቱ እቀያይራለሁ። ውጤቱን ኮምፒውተር ላይ የማስገባው ግን በየቃሉ ነው፤ እሳቸው ስንተኛ ላይ እንዳነበቡት ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ዛሬ ማተሚያው ቀለም ስለጨረሰ የስድስቱን ሳምንት ወረቀቶች ወለሉ ላይ ዘርግቼ በቀይ እርሳስ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ።

ሦስተኛው ቃል፣ ስህተት። ስድስተኛው፣ ስህተት። ዘጠነኛው። አሥራ ሁለተኛው። በስድስቱም ወረቀት። ቃሉ ምንም ይሁን፣ ጠረጴዛም ቢሆን፣ ተራው በሦስት የሚካፈል ከሆነ ይስቱታል። በእያንዳንዱ ወረቀት አርባ ስህተት፣ እንደ ባቡር ሰዓት የተደረደረ።

የቆሰለ አእምሮ አይቆጥርም።

ከተራው ውጭ የቀሩ ጥቂት ስህተቶች አሉ፤ ባለፈው ማክሰኞ አራት ብቻ። አራቱም ብርቅ ቃላት ናቸው። አራቱም ማሽኑ የሚስታቸው ናቸው። ማሽኑ አምስት ሳምንት ሙሉ እውነቱን ሲነግረኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ አምስት ሳምንት ሙሉ ስደበድበው ነበር።

ማርች 7፣ ዓርብ

አርቼላ ሄድኩ። ሳልደውል። አሜሊያ በሩን ከፍተው ፊቴን ሲያዩ ወደ ውስጥ ዞረው «ኤጊዲዮ፣ ተነቃብህ» አሉ።

ሲኞር ኤጊዲዮ ወጥ ቤት ውስጥ ጋዜጣ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ለመደበቅ እንኳ አልሞከሩም። ወረቀቶቹን ፊታቸው ዘረጋሁ፤ በቀይ ያከበብኳቸውን ጣታቸውን እየሰደዱ አዩ።

«በየሦስቱ» አልኩ።

«በየአራቱ ብሞክር ቆጠራው ይጠፋብኝ ነበር።»

«ለምን?»

«አለቀስሽ።»

«ጉንፋን ነበር።»

«እንግዲያው ጉንፋንሽ ተጋባብኝ። ስድስት ሳምንት አልለቀቀኝም።»

መሳቅ አልፈለግሁም። ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ተናድጃለሁ። ስድስት ሳምንት ሥራዬን አጠፉብኝ አልኳቸው። ማሽኔን አፍርሼ ሠራሁ፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ ጉባኤ ላይ ቆሜ ውሸት ላቀርብ ነበር አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«ስሳሳት ነው የሚጠቅማት ብዬ ነው» አሉ። «አለቃሽ በኮሪደሩ ሲናገር ሰማሁት። ቀላል መስሎኝ ነበር። ጠረጴዛን አበላሽቶ መጥራት ምን ያህል እንደሚከብድ አታውቂም፤ አፍ እምቢ ይላል። አሜሊያ ናት ያስጠናችኝ።»

«እኔ ተቃውሜያለሁ» አሉ አሜሊያ ከምድጃው አጠገብ።

«ተቃወምሽ። ግን አስጠናሽኝ።»

ከዚያ ሲኞር ኤጊዲዮ ጋዜጣውን አጠፉት። «ደግሞ አንድ ነገር አለ» አሉ። «ማክሰኞን እወደዋለሁ። ይህ ውሸት አይደለም።»

ወረቀቶቼን ሰበሰብኩ። ራት ብዪ አሉኝ፤ በላሁ። የተናደደ ሰው ሁለት ሳህን የፖሌንታ ገንፎ አይበላም ብለው አሜሊያ ቀለዱብኝ።

ማርች 11፣ ማክሰኞ

እንዳይመጡ ነገርኳቸው። ማክሰኞ ባዶ ሆነ። ለፕሮፌሰሩ ነገ እነግራቸዋለሁ።

ማርች 13

ነገ።

ፕሮፌሰሩ ስልክ ላይ ለትሪየስቴው ሰው «ማርዚያ ያገኘችው በሽተኛ ማንም ያላየው ዓይነት ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። እውነት ብለዋል።

አርባውን ስህተት ብቻ አውጥቼ ብጥል ማንም አያውቅም፤ ይህንንም አስቤያለሁ። የቀረው ከማሽኑ ጋር እንደ ጓንት ነው የሚገጥመው። ሦስት ጊዜ አሰብኩት። ዛሬ ጠዋት ሥዕላዊ መግለጫውን ሠርቼ አየሁት፤ ያምራል።

አጠፋሁት። ከዚያ እንዳልጠፋ ሌላ ቦታ ቅጂ እንዳለው ትዝ አለኝና እሱንም አጠፋሁት።

ማርች 18፣ ማክሰኞ

ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ ፒሩንም ሳላስቀር።

ፕሮፌሰር ፋቫሮን መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። «ስለዚህ ማሽኑ ልክ ነበር» አሉ።

«አዎ።»

«አስመሳይን አልመስልም አለ።» በሩን አየት አድርገው «በር ከፍቼ የማወራው እኔ ነኝ» አሉ። ወዲያው ለትሪየስቴ ደውለው ስሜን ከፕሮግራሙ አስወጡ። ድጎማው ያበቃል፤ ሊያስቀጥሉት የሚችሉበት ምክንያት የላቸውም። ሥራ እንድታገኚ አንድ ቦታ እጽፍልሻለሁ አሉ፤ ቃል ግን አልገቡም። ከመውጣቴ በፊት «እስከ ሜይ ያለው ጊዜ የአንቺ ነው፤ የፈለግሽውን ሥሪበት» አሉኝ።

ዛሬ ደክሞኛል። የሚያስገርመው፣ ርቦኛል።

ማርች 19፣ የቅዱስ ዮሴፍ ቀን

የአባቶች ቀን ነው። ለአባቴ ደወልኩ። ራሱ ነው ያነሳው። ስለ ዝናቡ አወራን፣ አራት ደቂቃ።

ከዚያ ለሲኞር ኤጊዲዮ ደወልኩ፣ ሁሉን እንደተናገርኩ ላሳውቃቸው ብዬ ብቻ። ሃምሳ ደቂቃ።

ማርች 27፣ ሐሙስ

የቆሰለውን ማሽን አላዳንኩትም፤ እንዲድን ነው የተውኩት። የተቆረጠው እንደተቆረጠ ሆኖ በቀሩት ክሮች ቃላቱን እንደገና እንዲማር አደረግሁ፣ ሰው ጋዜጣ እያነበበ እንደሚያገግመው። ሲጨርስ ሁሉም ተመለሰ፤ ሰባት ቃል ብቻ ቀረ። ደጋግሜ ባስተምረው ሰባቱ ንቅንቅ አላሉም።

ሰባቱን በወረቀት ጽፌ በፖስታ አሸግሁ፤ ፕሮፌሰሩ ማሸጊያው ላይ ፈረሙበት። ከፋሲካ በኋላ ሲኞር ኤጊዲዮ ይመጣሉ፤ አንድ ጊዜ፣ ያለ ማስመሰል፣ ያነባሉ። ይህ ለማንም አይቀርብም። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።

ኤፕሪል 1፣ ማክሰኞ

አዲስ ክራባት አድርገው መጡ። አሜሊያም አብረው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጥግ ተቀመጡ።

«ዛሬ የማታለያ ቀን ነው» አሉ ሲኞር ኤጊዲዮ። «ስለዚህ ዛሬ አላታልልሽም።»

አነበቡ። እንደ ባለፉት ማክሰኞዎች አልነበረም፤ ድምፃቸው ራሱ ሌላ ነበር። ከወንበሩ ጫፍ ቀና ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል ለሚጓዝ ሰው እንደሚናገሩት፣ ሳይጣደፉ። ሦስተኛው ደረሰ፤ በትክክል አለፉት። ስድስተኛው፣ አለፉት። በሃያኛው ላይ እርሳሴን ማንቀሳቀስ ልረሳ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ኡዲኔ፣ ጄኖቫ፣ ሞዴና። በሩ ላይ ፕሮፌሰር ፋቫሮን መጥተው ቆመው ነበር፤ መቼ እንደመጡ አላየሁም።

ሲጨርሱ ወረቀቱን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «መቶ ሃያ ከመቶ ሃያ» አሉ፣ እጃቸውን እያፋተጉ። አሜሊያ ማጨብጨብ ጀመሩ።

ስድስት ተሳስተዋል። አልሰሙትም። እኔ እርሳሴን ይዤ ተቀመጥኩ። አዎ ብል አዎ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ፋይሉን የሚዘጋው ሰው እኔው ነኝ።

«መቶ አሥራ አራት» አልኩ።

ሳቁ። «የማታለያ ቀን ብዬ እኔው ነገርኳት» አሉ ለእህታቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አዩኝና ሳቃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡት። አሜሊያ ማጨብጨባቸውን አቆሙ።

«የትኞቹን?»

አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ እኔ ስጠራላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ደገሙልኝ፣ ስድስቱንም ያለ አንድ እንከን። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው የመጀመሪያውን በራሳቸው አነበቡት። ምቱ እንደገና በተሳሳተ ቦታ ወደቀ። ይህን ጊዜ ከእኔ አፍ ከሰሙት ጋር ስላስተያዩት ታወቃቸው።

«ስሰማው አውቀዋለሁ» አሉ። «ሳየው ግን አያውቀኝም።»

ፖስታውን ፕሮፌሰሩ ከፈቱት። ከስድስቱ አምስቱ ውስጡ ነበሩ። ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ትከሻዬን ነካ አድርገው ሄዱ። ይህን የመሰለ ውጤት አግኝቼ አላውቅም። ደስ ሳይለኝ ቀረ ብል ውሸት ነው፤ ደስታው ግን ያለ ጊዜው የመጣ እንግዳ ነበር።

ሲኞር ኤጊዲዮ ክራባታቸውን ላላ አደረጉ። «እኔ እኮ ስድስት ሳምንት ሙሉ የዋሸሁ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ለካስ ከመካከሉ የእውነት የተሳሳትኩትም ነበረበት።»

«ነበረበት።»

«አልከፋኝም» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ትንሽ ከፋኝ» አሉ።

አሜሊያ ተነሥተው የወንድማቸውን አንገትጌ አስተካከሉ፤ መስተካከል የሚያስፈልገው አልነበረም።

«ስድስት ቃል ስንት ማክሰኞ ይፈጃል?» አሉኝ ሲኞር ኤጊዲዮ።

«አላውቅም።»

«ማሽኑስ ምን ይላል?»

«አልጠየቅሁትም» አልኳቸው።

ጠይቄው ነበር። አይመለሱም ነው የሚለው።

«እንግዲያው እንሞክራ» አሉና ካፖርታቸውን አነሱ። አሜሊያ በሩ ላይ ዘወር ብለው፣ ገበያው ላይ አዲስ አተር ገብቷል፣ በሩዝ እሠራዋለሁ፣ የፊታችን ማክሰኞ ቤታችን ይሁን፣ ወረቀትሽን ይዘሽ ነዪ አሉኝ። ስንት ሰዓት ልምጣ አልኩ። ሳይርብሽ በፊት አሉ።